ለሣር ክዳን ሎጅ የሚገዛ የኤሌክትሪክ ሽቦ፦ በላይተር መለኮስ ፍተሻ ይባላልን?

ጠያቂ፦ ጣና ዳር ሳይት

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ በመሠራት ላይ ባለ አንድ አነስተኛ ሎጅ የኤሌክትሪክ ሥራውን አሠሪውን ወክዬ የምከታተል መሐንዲስ ነኝ። ጎጆዎቹም ሆኑ ሰፊው የመመገቢያ አዳራሽ በሣር የተከደኑ ናቸው፤ የአዳራሹ ኮርኒስ ደግሞ ከደንገልና ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ለዓይን የሚያምር፣ እንግዳንም የሚስብ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በበጋ ሣሩ ክው ብሎ ሲደርቅ በሥሩ የሚያልፈውን ሽቦ ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል።

የውሉ ቴክኒካዊ ዝርዝር የቤት ውስጥ ሽቦዎች በሙሉ በአይኢሲ 60332-1-2 (ብቻውን የቆመ አንድ ሽቦ በነበልባል በሚፈተንበት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ተፈትነው ያለፉ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ተቋራጩ ያቀረባቸው ባለ 1.5፣ ባለ 2.5 እና ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ነጠላ የፒቪሲ ሽቦዎች ናቸው። የደረጃው ቁጥር በካርቶኑ ላይ ታትሟል፤ የፍተሻ ሪፖርት ግን አልቀረበም። ሪፖርቱን ስጠይቅ ሽቦውን ያቀረበው ነጋዴ ራሱ ሳይት ድረስ መጥቶ አንድ ስንዝር የምታህል ቁራጭ ቆረጠ፤ በፒንሳ ቀጥ አድርጎ ይዞም ላይኛው ጫፏን በላይተር ለኮሰው። ልባሱ ተንጨርጭሮ ነበልባል ያዘ፤ በመዳቡ ጫፍ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለም ታየ፤ ላይተሩን ሲያርቀው እሳቱ ወዲያው ጠፋ። «ይኸው አለፈ፤ ከዚህ በላይ ምን ሪፖርት ያስፈልጋል?» አለኝ። አሠሪዬም ተቋራጩም በዚህ ረክተው ዝርጋታው እንዲጀመር ይፈልጋሉ።

እኔ ፊርማዬን ለማስቀመጥ አልደፈርኩም፤ ሆኖም እምቢ ያልኩበትን ምክንያት በጽሑፍ ማስረዳት ይጠበቅብኛል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች የሆናችሁ እንድትረዱኝ እለምናለሁ። ትክክለኛው ፍተሻ ነጋዴው ካሳየኝ በምን ይለያል? ናሙና ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት እዚሁ ባሕር ዳር ሊደረግ የሚችል፣ አጥጋቢ ባይሆን እንኳ አመላካች የሆነ ማጣሪያ አለን? ደግሞስ ሽቦው ፍተሻውን ቢያልፍ፣ ለሣር ክዳን ቤት ይህ ብቻውን ይበቃል ብዬ ልፈርም እችላለሁ?

መልስ፦ የኬብል ፍተሻ ባለሙያ

ወንድሜ፣ ጥርጣሬዎ በቦታው ነው። ነጋዴው ያሳየዎት ነገር ስለ ሽቦው አንዳች ነገር ቢናገርም፣ ውሉ የሚጠይቀውን ፍተሻ ፈጽሞ አይተካም።

ትልቁ ልዩነት የእሳቱ አቅጣጫ ነው። ሽቦ ቆሞ ከታች ሲለኮስ ነበልባሉ ገና ያልተቃጠለውን የላይኛውን ልባስ እየላሰ፣ እያሞቀና ለመቃጠል እያዘጋጀ ወደ ላይ ይወጣል። ላይኛው ጫፍ ሲለኮስ ግን ሙቀቱ ወደ ሰማይ ስለሚባክን እሳቱ እንደ ጧፍ በዝግታ ወደ ታች ከመውረድ ያለፈ አቅም አይኖረውም። ስለዚህ ከላይ ተለኩሶ የጠፋ ሽቦ ከታች ቢለኮስም ይጠፋ ነበር ለማለት ምንም ማስረጃ የለም። ነጋዴው ሳያውቀውም ቢሆን ለሽቦው እጅግ ቀላል የሆነውን ፈተና መርጦለታል።

በደረጃው መሠረት ናሙናው 600 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ ከፍተሻው በፊትም በ23 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ በመካከለኛ እርጥበት ቢያንስ ለ16 ሰዓት ይቆያል። ከዚያም 1200 ሚሊሜትር ቁመት፣ 300 ሚሊሜትር ስፋትና 450 ሚሊሜትር ጥልቀት ባለው፣ ፊቱ ክፍት በሆነ የብረት ሳጥን ውስጥ በሁለት መያዣዎች ተይዞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሳጥኑ ያስፈለገው ነፋስ ነበልባሉን እንዳያዛባው ነው፤ በሐይቅ ዳር ሳይት ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰውን ነፋስ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። እሳቱ አየርና ፕሮፔን ቀድመው የተቀላቀሉበት፣ አቅሙ 1 ኪሎ ዋት ገደማ የሆነ ነበልባል ነው። በርነሩ (ነበልባሉን የሚያወጣው መሣሪያ) ከቁም መስመሩ በ45 ዲግሪ ተዘንብሎ፣ የውስጠኛው ሰማያዊ ሾጣጣ ጫፍ ከላይኛው መያዣ የታች ጠርዝ 475 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ሽቦውን እንዲነካ ይደረጋል። የውጭ ዲያሜትሩ ከ25 ሚሊሜትር ላልበለጠ ኬብል ነበልባሉ ያለማቋረጥ 60 ሰከንድ ይቆያል፤ ለወፍራም ኬብሎች እንደ ውፍረታቸው 120፣ 240 ወይም 480 ሰከንድ ይደርሳል። የላይተር እሳት በአቅም ከዚህ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ነጋዴውም ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነክቶ እንዳነሳው ከጽሑፍዎ እረዳለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነጥብ ልምጣ። ደረጃው ሽቦው በምን ያህል ፍጥነት ጠፋ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እሳቱ ከመጥፋቱ በፊት እስከ የት ደረሰ ብሎ ነው። ነበልባሉ ከተነሳ በኋላ ሽቦው በራሱ እስኪጠፋ ይጠበቃል፤ ከዚያ ናሙናው በጨርቅ ይወለወላል፤ ጥላሸቱ ሲለቅ ከሥሩ ያለው ልባስ ጤናማ ሆኖ ከተገኘ ያ ክፍል እንደተቃጠለ አይቆጠርም። ቀጥሎ በቢላ ስለት ልባሱን ከላይ ወደ ታች ጫን ጫን እያሉ ይወርዳሉ። ጤናማው ልባስ ለስለቱ ይለጠጥለታል፤ የከሰለው ቦታ ሲደረስ ግን ቅርፊቱ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ይህ ቦታ ምልክት ይደረግበትና ከላይኛው መያዣ ያለው ርቀት ይለካል። ርቀቱ ከ50 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ፣ ወደ ታች የወረደው ቃጠሎም ከላይኛው መያዣ ሲለካ ከ540 ሚሊሜትር ካላለፈ ሽቦው አልፏል። አንድ ናሙና ቢወድቅ ሁለት ተጨማሪ ናሙናዎች ይፈተናሉ፤ ሁለቱም ማለፍ አለባቸው።

ይህን ሁሉ ያተትኩት ሂደቱ የተወሳሰበ መሆኑን ለማሳየት ብቻ ሳይሆን፣ ለተቋራጩ በሚጽፉት ደብዳቤ ላይ ልዩነቱን በቁጥር ማስቀመጥ እንዲችሉ ነው። አቅጣጫው፣ የነበልባሉ አቅም፣ የቆይታው ጊዜና የመለኪያው መስፈርት አራቱም የተለዩ ናቸው ማለት ይችላሉ።

በመጨረሻ ስላነሱት ጥያቄ ደግሞ፦ ይህ ፍተሻ የሚናገረው ብቻውን ስለቆመ አንድ ሽቦ ነው። ብዙ ሽቦዎች በአንድ ትሬይ (የሽቦ መደርደሪያ) ላይ ሲታሰሩ አንዱ የሌላውን ሙቀት እየመለሰ ስለሚያግዝ፣ ለየብቻቸው የሚጠፉ ሽቦዎች በጥቅል ሲሆኑ እሳቱን ወደ ላይ ሊያወጡት ይችላሉ። ለዚህ አይኢሲ 60332-3 የተባለ ሌላ ፍተሻ አለ፤ 4 ሜትር ቁመት ባለው ክፍል ውስጥ 3.5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ኬብሎች በመሰላል ላይ ታስረው ይቃጠላሉ፣ የከሰለውም ከበርነሩ በላይ ከ2.5 ሜትር ማለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1975 በአሜሪካ አላባማ ግዛት በብራውንስ ፌሪ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የደረሰው ቃጠሎ ለዚህ ምስክር ነው። ሠራተኞች የአየር ማፍሰሻ ቀዳዳ በሻማ ነበልባል ሲፈልጉ በኬብል ማለፊያው ዙሪያ የተወተፈው ፎም ተቀጣጠለ፤ እሳቱ በታሰሩት ኬብሎች ላይ ተዛምቶ ከ1,600 በላይ ኬብሎችን ጎዳ።

የእርስዎን ሎጅ በተመለከተ ግን ይህ ዋነኛው ስጋት አይደለም። ባለ 2.5 ነጠላ ሽቦ የመዳቡ ዲያሜትር 1.78፣ የልባሱ ውፍረት 0.8 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በአንድ ሜትር ያለው ፕላስቲክ 6.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሠላሳ ሽቦዎች አብረው ቢያልፉ እንኳ በሜትር 0.2 ሊትር አይሞላም፤ የጥቅል ፍተሻው ዝቅተኛ ምድብ በ0.5፣ ከፍተኛው ደግሞ በ7 ሊትር ይጀምራል። የእርስዎ ነዳጅ ያለው በሽቦው ላይ ሳይሆን በሣሩ ላይ ነው።

መልስ፦ ሽቦ ዘርጊ ከሽምብጥ

ወንድም ዓለም፣ ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ትምህርት ሆኖኛል። እኔ ደግሞ በዚህች ከተማ ቤትና ሆቴል ስዘረጋ ካየሁት ተነሥቼ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሽቦው እሳት ቢነካው ይጠፋል ወይ ከሚለው በፊት፣ ሽቦው ራሱ እሳቱን ያስነሳል ወይ የሚለው መጠየቅ አለበት።

ገበያ ላይ «ባለ 2.5» ተብሎ የሚሸጥ ሽቦ ሁሉ 2.5 አይደለም። አንዳንዱ መዳቡ ሳስቶ ልባሱ ወፍሮ ይመጣል፤ ከውጭ ሲታይ ውፍረቱ ትክክል ይመስላል። አንዳንዱ ከነጭራሹ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ጫፉን በቢላ ሲፍቁት ነጭ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሽቦ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከመዳብ ከ1.5 እጥፍ በላይ ስለሆነ በዚያው ልክ ይግላል። በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሽቦ በላይተር ሲለኮስ ልክ እንደ ጥሩው ሽቦ ሊጠፋ መቻሉ ነው፤ ምክንያቱም የሚለኮሰው ልባሱ እንጂ መዳቡ አይደለም።

በሎጅዎ ማእድ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደሚኖር እገምታለሁ። አንድ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 ወይም 18 አምፔር ማለት ነው። እንጀራ ሲጋገር ደግሞ ለሰዓታት ስለሚበራ ሽቦው ለመቀዝቀዝ ፋታ አያገኝም። የፒቪሲ ልባስ የሚፈቀድለት የመዳቡ ሙቀት እስከ 70 ዲግሪ ብቻ ነው። ባለ 20 አምፔር ብሬከር ደግሞ 22 አምፔር ቢያልፍበት ለአንድ ሰዓት እንኳ ላይቆርጥ ይችላል፤ በሰዓት ውስጥ የመቁረጥ ግዴታ ያለበት 29 አምፔር ሲደርስ ነው። ስለዚህ የሳሳ ሽቦ እየጋለ ብሬከሩ ዝም ሊል ይችላል። እኔ ለምጣድ ሁልጊዜ ባለ 4 ነው የምዘረጋው፤ ለብቻው መስመር፣ ለብቻው ብሬከር።

መለካቱ ቀላል ነው፤ ሪፖርት ሳይጠብቁ ነገ ጠዋት ሊያደርጉት ይችላሉ። ያልተቆረጠ የ100 ሜትር ጥቅል ይውሰዱ። በዓለም አቀፉ ደረጃ ባለ 1.5 መዳብ በ20 ዲግሪ ሙቀት በኪሎ ሜትር ከ12.1 ኦም፣ ባለ 2.5 ከ7.41፣ ባለ 4 ከ4.61 መብለጥ የለበትም። ስለዚህ 100 ሜትር ባለ 2.5 ቢበዛ 0.741 ኦም ነው። ተራ መልቲሜትር ከአንድ ኦም በታች በሆነ ነገር ላይ አይታመንም፤ የመለኪያው የራሱ ገመድ ተቃውሞ ይደባለቅበታል። ይልቁንም መጠኑ ሊስተካከል ከሚችል የዲሲ ኃይል ምንጭ 5 አምፔር በጥቅሉ ውስጥ ያሳልፉና በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ቮልት ይለኩ። ትክክለኛ ባለ 2.5 ከሆነ 3.7 ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል። ሽቦው ከ20 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሱለት። ሚዛንም ይረዳል፤ 100 ሜትር ባለ 2.5 ከነልባሱ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 2.2 ኪሎው መዳብ ነው። በእጅ ሲያነሱት ቀለል ያለ ጥቅል ልብ ይበሉ።

መልስ፦ የቁሳቁስ ሳይንስ መምህር፣ ባሕር ዳር

የሁለቱን ባለሙያዎች አስተያየት በአክብሮት አንብቤያለሁ። እዚሁ ሊደረግ የሚችል ማጣሪያ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ ልመልስ፤ በዚያውም ነጋዴው ያሳየው አረንጓዴ ነበልባል ምን ማለት እንደሆነ ላብራራ።

አረንጓዴው ቀለም የመዳብና የክሎሪን ውሕድ በእሳት ውስጥ የሚሰጠው ቀለም ነው። ልባሱ ክሎሪን እንዳለው፣ ማለትም ፒቪሲ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ስለ ጥራቱ ግን የሚናገረው ነገር የለም። ንጹሕ ፒቪሲ ከክብደቱ 57 በመቶ ያህሉ ክሎሪን ነው። ሲሞቅ የሚለቀው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ በነበልባሉ ውስጥ የሚካሄደውን ሰንሰለታዊ ምላሽ ያደናቅፋል፤ ለዚህ ነው ደረቅ የፒቪሲ ቧንቧ የለኮሱት እሳት ሲነሳ ቶሎ የሚጠፋው። ነገር ግን ንጹሕ ፒቪሲ እንደ ቧንቧ ግትር ነው፤ ሽቦ እንዲታጠፍ ከተፈለገ ማለስለሻ ዘይት ይጨመርበታል፤ የተለመደው ማለስለሻ ደግሞ ራሱ የሚቃጠል ነገር ነው። የማለስለሻው መጠን እየበዛ፣ እሳት የሚያዘገየው ቅመም እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ልባሱ ወደ ተቀጣጣይነት ያዘነብላል። ይህንን የምንለካው አንድ ቁስ መቃጠሉን እንዲቀጥል በሚፈልገው ዝቅተኛ የኦክስጅን መጠን ነው። ግትሩ ፒቪሲ 45 በመቶ አካባቢ ይፈልጋል፤ የለሰለሰው እንደ አሠራሩ ወደ 20ዎቹ ይወርዳል። በአየራችን ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ መሆኑን ካሰብን፣ በርካሽ የተቀመመ ልባስ በድንበሩ ላይ እንደቆመ ይገባናል። በድንበር ላይ ያለ ቁስ ደግሞ በስንዝር ቁራጭ ሲሞከር ጠፍቶ፣ በቆመ ረጅም ሽቦ ላይ ግን ሊቀጥል የሚችለው እሱ ነው።

ፖሊኢትሊን የለበሰ ሽቦ ከሆነ ምልክቱ ሌላ ነው፤ እንደ ሰም ይሸታል፤ እየቀለጠም የሚነድ ጠብታ ወደ ታች ይጥላል። በሣርና በደንገል ላይ የሚነድ ጠብታ ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ማጣሪያውን በተመለከተ፣ የብረት ሳጥኑን በላሜራ ማሠራት ይቻላል፤ ልኩ ከላይ ተሰጥቷል። የሚያስቸግረው ነበልባሉ ነው። ደረጃው በደቂቃ 650 ሚሊ ሊትር ፕሮፔንና 10 ሊትር አየር ይጠይቃል፤ እነዚህ መጠኖች በ0.1 ሜጋ ፓስካል ግፊትና በ23 ዲግሪ የተሰሉ ናቸው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊታችን ከባሕር ዳርቻው 82 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ በተንሳፋፊ የፍሰት መለኪያ ላይ ያንኑ ቁጥር ቢያነቡ እንኳ በርነሩ የሚያገኘው ጋዝ በክብደት 10 በመቶ ያህል ያነሰ ይሆናል፤ ነበልባሉም ይደክማል። የደከመ ነበልባል ሽቦውን ያለ አግባብ ያሳልፋል። ይህን ለማረም 9 ሚሊሜትር ዲያሜትርና 10 ግራም ክብደት ያላት የመዳብ ቁራጭ ከቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) ጋር በነበልባሉ ላይ ትንጠለጠላለች፤ ከ100 እስከ 700 ዲግሪ ለመሞቅ ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ከፈጀባት ነበልባሉ ትክክል ነው። ከዚያ በላይ ከቆየች ፍሰቱ ይጨመራል። ለማእድ ቤት የሚሸጠው ጋዝ ቡቴን የተደባለቀበት ሊሆን ስለሚችል የፕሮፔኑም ንጽሕና መረጋገጥ አለበት።

አንድ ማሳሰቢያ በጽኑ ላስቀምጥ። ሽቦ ሲቃጠል የሚወጣው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ከዓይንና ከሳንባ እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። ማንም ሰው ይህን ሙከራ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በሳይት መጋዘን ወይም በሣሩ አጠገብ እንዳያደርገው አጥብቄ እለምናለሁ። ለማሽተት ብሎ አፍንጫን ማስጠጋትም ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታው በራሱ ይደርሳል።

ጠያቂ፦ ጣና ዳር ሳይት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሽምብጡ ባለሙያ ምክር መሠረት፣ የጥቅሎቹን ርዝመት በልባሱ ላይ በታተመው የሜትር ምልክት ካረጋገጥኩ በኋላ በተቋራጩና በነጋዴው ፊት የሽቦዎቹን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ለካሁ። የሽቦው ሙቀት 26 ዲግሪ ነበር። ባለ 1.5 እና ባለ 4 የሆኑት በደረጃው ልክ ተገኙ። ባለ 2.5 ግን በ5 አምፔር 5.1 ቮልት አሳየ፤ ወደ 20 ዲግሪ ስመልሰው 1 ኦም ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከተፈቀደው በሲሶ ይበልጣል። በስሌት የመዳቡ ስፋት ከ1.9 ካሬ ሚሊሜትር አይበልጥም ማለት ነው። ሲፋቅ መዳቡ እውነተኛ መዳብ ነው፤ የጎደለው ውፍረቱ ነው። በላይተር ተለኩሶ «ያለፈው» ቁራጭ የተቆረጠውም ከዚሁ ጥቅል ነበር። ቁጥሩን በዓይናቸው ስላዩት ተቋራጩ ያለ ክርክር ጥቅሎቹን ሊመልስ ተስማምቷል፤ አሠሪዬም ሥራው እስኪጣራ ድረስ እንዲቆይ ፈቅደዋል።

አሁን ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛው፣ አዲስ ለሚመጣው ሽቦ ሪፖርት ሲቀርብልኝ ምን ምን ልመልከት? ሁለተኛው፣ ሽቦው ሁሉን ቢያሟላ እንኳ በሣሩ ሥር እንዴት ይለፍ? የአዳራሹ መብራቶች ከቀርከሃው ላይ የሚንጠለጠሉ ናቸው።

መልስ፦ የኬብል ፍተሻ ባለሙያ

መለካትዎ አስደስቶኛል። ሪፖርቱ ላይ አስቀድመው የሚመለከቱት የተፈተነው ሽቦ ዓይነትና መጠን ነው፤ ባለ 1.5 ሽቦ ማለፉ ባለ 4ን አያሳልፍም፣ የአንድ አምራች ሪፖርትም ለሌላው አይሆንም። ከዚያ የፍተሻ ክፍሉ በዚህ ደረጃ ለመፈተን ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ የከሰለው ርቀት «አልፏል» በሚል ቃል ብቻ ሳይሆን በሚሊሜትር መጻፉን፣ የሪፖርቱ ቀን ሽቦው ከተመረተበት ዘመን ጋር መገጣጠሙን ያጣሩ። ጥርጣሬ ካለዎት ከሳይቱ ራሱ ናሙና ወስደው፣ አሽገውና ፈርመውበት አዲስ አበባ ለሚገኘው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ያመልክቱ፤ የትኛውን ክፍል እንደሚፈትኑልዎ በቅድሚያ በደብዳቤ ቢጠይቁ መልካም ነው። ካርቶን ላይ የታተመ ቁጥር ማስረጃ አይደለም።

መልስ፦ ሽቦ ዘርጊ ከሽምብጥ

ስለ ሣሩ እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ስለሆነ። በሣር ውስጥ፣ በደንገል ምንጣፍ ላይ ወይም በቀርከሃ ክፍት ውስጥ ሽቦ እንዳያልፍ ያድርጉ። ከአቅም በላይ ካልሆነ በቀር የአዳራሹን መስመር በግድግዳው አናት ላይ በብረት ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) ያዙሩት፤ ወደ መብራቶቹ የሚወርደውም በብረት ቱቦ ውስጥ ይሁን፣ ቱቦውም ከኧርዝ ጋር ይገናኝ። በሣር ክዳን ውስጥ አይጥ መኖሩ አይቀርም፤ አይጥ የፕላስቲክ ቱቦንም ሽቦንም ይበላል፤ ብረት ግን አይደፍርም። መጋጠሚያ ሁሉ ክዳን ባለው የብረት ጃንክሽን ቦክስ ውስጥ ይሁን፤ በቴፕ ተጠቅልሎ ኮርኒስ ላይ የሚቀር መጋጠሚያ አንድም እንዳይኖር በየቦታው ወጥተው ይዩት። ሽቦ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከልክ በላይ የሚግለው ብዙ ጊዜ በላላ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የነበልባል ፍተሻ አያሳይም።

አምፖሎቹ ሙቀታቸው አነስተኛ የሆነ ኤልኢዲ ይሁኑ፤ ከሣሩም ራቅ ብለው ይንጠልጠሉ። ለአዳራሹና ለጎጆዎቹ መስመሮች ከ300 ሚሊ አምፔር ያልበለጠ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወጥቶ ሲፈስ የሚቆርጥ መሣሪያ) ያስገቡ፤ ልባሱ ተጎድቶ ወደ ብረቱ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ብሬከሩን ሳይነካው ሣሩን ሊያግል ስለሚችል ነው። ለሶኬቶቹ ለሰው ደኅንነት 30 ሚሊ አምፔሩ ለብቻው ያስፈልጋል። የአዳራሹን ዋና ማጥፊያ ደግሞ ከሣሩ ውጭ፣ ዘበኛው በሌሊት በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ላይ ያድርጉት።

ጠያቂ፦ ጣና ዳር ሳይት

ለተቋራጩ የምልከውን አንቀጽ እንዲህ አርቅቄዋለሁ፤ የጎደለ ካለ አርሙኝ።

«ለዚህ ሥራ የሚቀርብ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በእያንዳንዱ መጠን ለየብቻው፣ ዕውቅና ባለው የፍተሻ ክፍል በአይኢሲ 60332-1-2 የተፈተነበትና የከሰለው ርቀት በሚሊሜትር የተገለጸበት ሪፖርት ይቀርብለታል። ሽቦው ሳይት ሲደርስ ከየመጠኑ ያልተቆረጠ አንድ ጥቅል በአማካሪው ፊት ተቃውሞው ተለክቶ ውጤቱ በጋራ ይፈረማል። በሳይት ላይ በላይተር ወይም በክብሪት የሚደረግ ሙከራ እንደ ማስረጃ አይቀርብም፤ በሣር ክዳኑ አቅራቢያም አይደረግም።»

መልስ፦ የቁሳቁስ ሳይንስ መምህር፣ ባሕር ዳር

አንቀጹ ጥሩ ነው። አንድ ሐረግ ብቻ ይጨምሩበት፦ «ሪፖርቱ የተመለከተው ናሙና የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥርና የልባሱ ቀለም በሳይት ከቀረበው ሽቦ ጋር አንድ መሆን አለበት።» ቀለሙን ያካተትኩት ለልባሱ የሚጨመረው ቀለም ከቅመሙ አንዱ ክፍል ስለሆነና፣ ያለ ሪፖርት ተቀይሮ የሚመጣ ጥቅል በቀላሉ የሚለየው በእሱ ስለሆነ ነው።